ሳይነበብ የታለፈው ስምንተኛ አንቀጽ

አንድ ቅጠል ነው የገለጠችው ወይስ ሁለት፣ አውቃ ነው ወይስ ወረቀቱ ተጣብቆባት፣ ትናንት በምሳ ሰዓት የክሊኒኩ ጸሐፊ ጣቷን በምራቋ አርሳ ውሉን ስትገልጥ እሷ አጠገቧ ቆማ ነበር፣ ቆማስ ነበር፣ ዓይኗ ግን የት ነበር፣ ዓይኗ ትንሿ ልጇ ላይ ነበር፣ ልጅቷ ወንበር ላይ ወጥታ ያንን ለማሳያ የተቀመጠ ትልቅ የፕላስቲክ መንጋጋ ልትነክሰው ስትል፣ ተይ አንቺ፣ ተይ ብዬሻለሁ፣ ዞር ስትል ጸሐፊዋ አንቀጽ ዘጠኝ ብላ ጀምራለች። ሰባት ነበር። ከዚያ ዘጠኝ።

ስምንትስ?

ጉጠቱን በብሩሽ ትፈገፍጋለች። ሥራዋ ይኸው ነው፣ የጥርስ ክሊኒኩን ዕቃ ማጠብና መቀቀል፣ መስታወቱን ለብቻ፣ መርፌውን ለብቻ፣ ጉጠቱን ለብቻ፣ ከግድግዳው ወዲያ መሰርሰሪያው ያፏጫል፣ አንድ ሰው አፉን እንደከፈተ እ እ ይላል፣ ልጅቷ ጠረጴዛው ሥር የጓንት ካርቶን ውስጥ ተቀምጣ ታስላለች፣ ሳሉ ደረቅ ነው፣ ትናንት እርጥብ ነበር፣ የቱ ነው የሚሻለው፣ ምድጃውን አጥፍቼ ነው የወጣሁት፣ አጥፍቻለሁ፣ ያጠፋሁ መሰለኝ።

ውሉ ሽርጧ ኪስ ውስጥ አለ። የራሷ ውል ቢሆን ምን አለበት፣ የእህቷ ነው። ታናሽ እህቷ ዘንድሮ የጥርስ ሐኪም ሆና ተመርቃለች፣ የክሊኒኩ ባለቤት፣ ሁሉም ትልቁ ዶክተር የሚሏቸው፣ ነይ አብረን እንሥራ፣ አንዱ ወንበር ያንቺ ነው ብለዋታል፣ ዛሬ ስድስት ሰዓት ላይ ልትፈርም ነው። ማክሰኞ ወረቀቱን ስትሰጣት፣ እትዬ፣ ተረኛ ነኝ፣ ከሆስፒታሉ ንቅንቅ ማለት አልችልም፣ አንቺ ለጠበቃ አሳይልኝ። ራስሽ አታነቢውም እንዴ፣ የተማርሽ። ባነበውስ ምን ሊገባኝ፣ እኔ የተማርኩት ጥርስ ነው፣ እሱ አንብቦ ይንገርሽ፣ ብለቅ ምን ይሆናል በይልኝ፣ ሌላውን ብትረሺ እሷን እንዳትረሺ፣ ብለቅ ምን ይሆናል።

ሄዳለች። አልሄድሽም የሚላት የለም። ሦስተኛ ፎቅ ወጥታለች፣ የመስታወቱን በር ገፍታ ገብታለች፣ አሥራ አራት ቁጥር የተጻፈባት ቁራጭ ወረቀት ተቀብላለች፣ ከዚያ እንግዳ ተቀባይዋ ቅጽ ሰጠቻት፣ ጉዳይዎን በአጭሩ ይጻፉ፣ አንቱ አለቻት፣ አንቱታው ራሱ አስደነገጣት። እህቴ ብላ ጻፈች። ከእህቴ ወዲያ እጇ እምቢ አለ። ክራባት ያሰረ ሰውዬ ከጎኗ አንገቱን አስግጎ ያያል፣ አያይም ይሆናል፣ ኧረ ያያል፣ ፊደሏ ከመስመሩ ወርዶ ደረጃ እንደሳተ ሕፃን ተንጋዷል፣ ልጅቷ ደግሞ ሽንቴ መጣ ብላ ጮኸች፣ ተባረኪ ልጄ፣ ሰበብ ሰጠሽኝ፣ ይዛት ወጣች። አልተመለሰችም። ቁጥር አሥራ አራት አሁንም ኪሷ ውስጥ ከውሉ ጋር ተጣጥፋ አለች።

ጸሐፊዋ ታነብ የለ አለች ለራሷ፣ ጥርት አድርጋ፣ እንደ ሬዲዮ ነው የምታነበው። የትልቁ ዶክተር የእህት ልጅ መሆኗ ያን ሰዓት የት ሄዶባት ነበር፣ ጭንቅላቴ የት ሄዶ ነበር፣ ባለጉዳዩን ራሱን ዳኛ አድርጌ። ጸሐፊዋ ደግሞ ክፉ አይደለችም፣ ለልጅቷ ብስኩት የምትገዛላት እሷ ናት፣ የኔ እናት ምንም የሚያስፈራ ነገር የለውም፣ እንዲያውም እህትሽ ታድላ፣ እኔ ብሆን ዓይኔን ጨፍኜ ነው የምፈርመው። ጣቷ በብስኩቱ ቅባት ወዝቶ ነበር። ቅባት ወረቀት ያጣብቃል አይደል። ያጣብቃል።

ትናንት ማታ ስልኩ ጮኸ። ታየልሽ እትዬ? ታየ። ምን አሉ? ደህና ነው አሉ። ብለቅስ? ደህና ነው አልኩሽ እኮ። ውይ ተባረኪ፣ አንቺ ባትኖሪ ምን ይውጠኝ ነበር።

ደህና ነው አሉ። ማናቸው እነሱ?

ዛሬ ጠዋት መቀቀያው እስኪግል ቅጠሎቹን አንድ ሁለት ብላ ቆጠረች፣ ቁጥር አይጠፋትም፣ ስምንት ለብቻው አንድ ገጽ ላይ ቁጭ ብሎ አገኘችው። ጣቷን ከሥሩ አስኬደች። ፊደል ያስቆጠረቻት ይህችው እህቷ ናት፣ እናታቸው ሥራ ስትውል እሷ ትምህርት ቤት ሳትገባ አዝላ ያሳደገቻት፣ ኋላ ከትምህርት ቤት በጠመኔ ቁራጭ እየመጣች በር ላይ እየጻፈች፣ እትዬ አትገምቺ፣ ቃሉን ጨርሺው፣ ገና ሳትጨርሺው እኮ ነው የምትገምቺው፣ ስምንት ዓመቷ ነበር፣ እንደ አሮጌ መምህር ወገቧን ይዛ። ጨረሰችው። ሐኪሟ በማናቸውም ምክንያት ሥራዋን ብትለቅ። በቀጥታም ሆነ በተዘዋ፣ በተዘዋዋ፣ እሱን አለፈችው። ለአምስት ዓመት። በዚህ ከተማ ክልል ውስጥ። ጥርስ ማከም አትችልም።

አምስት ዓመት ገብቷታል፣ አትችልም ገብቷታል፣ መሐሉ ጨለማ ነው። ምናልባት ያ ያለፈችው ነገር ያቀልለው ይሆናል፣ ምናልባት ሁሉም ሐኪም እንዲህ ብሎ ነው የሚፈርመው፣ ወይ ደግሞ ያነበብኩት ልክ አይደለም፣ እኔና ንባብ። ሁለት ዓመት ብቻ እትዬ፣ ትላለች እህቷ ሁልጊዜ፣ ሁለት ዓመት እዚህ እጄን ላፍታታ፣ ከዚያ ሠፈራችን ውስጥ አንዲት ክፍል፣ አንድ ወንበር፣ አንቺ የዕቃው አለቃ፣ ልጅሽ ወረፋ ጠሪ፣ ማንም ካርቶን ውስጥ አያስቀምጣትም። ልጅቷ ካርቶኑን በጥፍሯ ትቧጭራለች። ካርቶኑንስ የፈቀዱት እሳቸው አይደሉም እንዴ፣ ትልቁ ዶክተር፣ ምን ቸገረን ትቀመጥ፣ እንደ ድመት ናት ብለው፣ የእሳቸውን ውል ተጠራጠረች ከተባለች ነገ ወዴት ታደርሳታለች፣ ጎረቤቷ አልይዝም ብላለች፣ አባቷ እንደሆነ ከሄደ ሰንብቷል።

ስድስት ሰዓት ሆነ።

ኮሪደሩ ላይ የእህቷ ጫማ ቋ ቋ ይላል፣ ስትቸኩል አረማመዷን ታውቀዋለች። የትልቁ ዶክተር ድምፅ፣ ግቢ ግቢ ዶክተር፣ ከዛሬ ጀምሮ እንግዲህ ዶክተር እንባባላለን፣ ሳቅ፣ ከዚያ ወደዚህ፣ ትሪ አምጡ፣ ከምሳ በኋላ የሚነቀል አለ! ጉጠቶቹን ትሪው ላይ ትደረድራለች፣ አንዱ እርጥብ ነው፣ እርጥብ አይወሰድም፣ ትጠርገዋለች፣ ደግማ ትጠርገዋለች፣ እማ ወዴት ነው፣ መጣሁ የኔ ዓለም፣ እንዳትወጪ፣ ትሄዳለች፣ በሩ ገርበብ ብሏል፣ በክርኗ ትገፋዋለች።

ጠረጴዛው ላይ ሌላኛው ውል፣ ንጹሑ፣ ተዘርግቷል፣ የመጨረሻው ገጽ ላይ። እህቷ ዓይኗ በእንቅልፍ እጦት ቀልቷል፣ ቢሆንም ትስቃለች። እትዬ፣ ይኸው ልፈርም ነው፣ ጠበቃው ጥሩ አድርጎ አይቶታል አይደል? ትልቁ ዶክተር መነጽራቸውን ከፍ ያደርጋሉ። ጠበቃም አሳያችሁት? ደግ አደረጋችሁ፣ የኔ ውል እንደሆነ ማደንዘዣ አይፈልግም፣ አያምም። ጸሐፊዋ መስኮቱ አጠገብ ቆማለች፣ ፊቷን ታየዋለች፣ ፊቷ ላይ ምንም የለም፣ አውቃ ይሁን ሳታውቅ ከፊት አይነበብም፣ ፊት ሁሉ ገጽ አይደለም።

አይደል እትዬ?

የእስክሪብቶው ክዳን ተነቅሎ ጠረጴዛው ላይ ይንከባለላል። ትናገራለች። ይኼን እንኳ ወስናለች፣ መቼ እንደወሰነች አታውቅም፣ ኮሪደሩ ላይ ይሆናል፣ እዚህ በሩ ላይ ይሆናል፣ የቸገራት አጀማመሩ ነው። ዋሸሁሽ ትበል? እሳቸው ፊት? አትፈርሚ ትበል፣ ለምን ሲሏትስ፣ ያነበብኩት እኔ ነኝ ብትል ማን ይሰማታል፣ ስምንት ብላ ብቻ ትቁም፣ ወይስ አሥራ አራት ቁጥርን ከኪሷ አውጥታ ውሉ ላይ ታስቀምጥ። እናንተ እንግዲህ ይኼን እዚህ ድረስ ሳትቸገሩ ያነበባችሁ፣ ከእሷ ትሻላላችሁና ምከሯት፣ በምን ቃል ትጀምር? አንዲት ቃል ብቻ ስጧት፣ እህቷ ዓይን ዓይኗን እያየቻት ነው፣ የቀረውን ሳትገምት ራሷ ትጨርሰዋለች።