ከታች የታየው

ጠላቂዎቹን የምትመራው ዜልማ ዞር ስትል ጆስሊን በእጇ ጉሮሮዋን ደጋግማ ስትመታ አየቻት። አየር አልቆብኛል ማለት ነው። ከባሕሩ ገጽ ሃያ ሁለት ሜትር ወደ ታች፣ ከዓለቱ ግድግዳ ሥር ነበሩ።

ጆስሊን ከባሏ ከክላይቭ በክንድ ርቀት ላይ ነበረች። እጇን ሰድዳ ደረቱ ላይ የተንጠለጠለውን ትርፍ መተንፈሻ ጨበጠች። ክላይቭ ከመነጽሩ ጀርባ ዓይኖቹ ፈጥጠው አያት። ከዚያ እጇን መንጭቆ አላቀቀ፣ ደረቷን ገፈተራትና እግሮቹን እያራገበ ወደ ላይ ተፈተለከ።

ዜልማ እንዴት እንደደረሰችላት አታውቀውም። የራሷን ትርፍ መተንፈሻ ጆስሊን አፍ ውስጥ ከተተችላት፤ በትከሻ ማንገቻዋ ጭምድድ አድርጋ ይዛት፣ ዓይን ለዓይን እየተያዩ ቀስ ብለው መውጣት ጀመሩ። ዓለቱን ታጥፈው የነበሩት አራቱ እንግዶችም ተመልሰው ብቅ ሲሉ የዜልማን ምልክት አይተው ተከተሉ። አምስት ሜትር ላይ ሲደርሱ፣ በፍጥነት መውጣት ሰውነትን ስለሚጎዳ፣ እንደ ደንቡ ለሦስት ደቂቃ ቆሙ። ያን ጊዜ ነው ዜልማ የጆስሊንን የአየር መለኪያ ጌጅ ያየችው፤ መርፌው ዜሮ ላይ ተኝቷል። እንግዶቿን ስንት አየር ቀራችሁ ብላ የጠየቀችው መቼ እንደነበር ለማስታወስ ሞከረች። መጀመሪያ ሲወርዱ ነው። ከዚያ ወዲህ አልጠየቀችም። አየሩ ግማሽ ላይ ሲደርስ መጠየቅ ሲገባት፣ ድንጋይ ሥር የተሸጎጠ ኦክቶፐስ ከእንግዶቹ ለአንዷ፣ ለሚስ ኢኔዝ ታሳይ ነበር።

ጀልባዋ ላይ ሲወጡ ክላይቭ ፎጣ ለብሶ ወሬውን ጀምሮታል።

"ጀልባዋን ልጠራ እኮ ነው የወጣሁት! አየሯ ማለቁን ሳይ አንዲት ሰከንድ አላባከንኩም። ኦስበርት፣ ስጮህ ሰምተኸኝ የለ?"

"ሰምቻለሁ፣ ሰምቻለሁ" አለ ኦስበርት መሪውን እንደያዘ። ጀልባዋም የጠላቂዎቹ ማረፊያ ቤትም የእሱ ናቸው፤ ዜልማ ደግሞ የእህቱ ልጅ ናት።

ሚስ ኢኔዝ ጡረታ የወጡ ነርስ ናቸው። የጆስሊንን የልብ ምት ቆጠሩ፣ ከዚያ ክላይቭን በጣታቸው ወጉት።

"አንተ ጀግና፣ ከዚያ ሁሉ ጥልቀት እንደ ቡሽ ተስፈንጥረህ ወጥተሃል። አፍህን ዝጋና ይቺን ኦክስጅን ሳብ። ነገም ውሃ የሚባል ነገር ውስጥ አትገባም።"

ሰው ሁሉ ሳቀ። ጆስሊን ብቻ ጉልበቷን አቅፋ የእግሯን ጣቶች ታያለች።

እንግዶቹ ከትሪኒዳድ ነው የመጡት። ክላይቭ የመሥሪያ ቤት ጓደኞቹንና ጎረቤቶቹን አስተባብሮ በየዓመቱ ወደ ካሪያኩ ደሴት ሲያመጣቸው ይህ አራተኛው ነው። አንድ ኃይለኛ አውሎ ነፋስ የደሴቲቱን ቤቶች ጣሪያ ሁሉ ጠርጎ ከወሰደ ወዲህ ግን እንደ ድሮው የሚመጣ ጠላቂ የለም። ስለዚህ ኦስበርት ጀልባዋን እንዳሰረ ዜልማን ወደ ጓዳ ጠራት።

"ፊትሽን አይቻለሁ። የምትናገሪው ነገር አለሽ።"

"ገፍቷት ነው የሄደው፣ አጎቴ። ጥሏት ነው የወጣው።"

"ባልና ሚስት ናቸው፤ ይጣላሉ፣ ይታረቃሉ። አንቺ ምን አገባሽ? ይሄ ሰውዬ ከተቀየመን በሚቀጥለው ዓመት ማን ሊመጣልን ነው?" ድምፁን ዝቅ አደረገ። "ደግሞስ ልጄ፣ አየሯ እስኪያልቅ አንቺ የት ነበርሽ? ወሬው ከተነሳ መጀመሪያ የምትጠየቂው አንቺ ነሽ።"

ዜልማ ባዶዎቹን ሲሊንደሮች ጥግ ላይ መደርደር ጀመረች። ሥራዋ ይሄ ብቻ ነው፤ አሥራ አራት ዓመት ሰው እያወረደች በደህና መልሳለች። አንድም ቀን እንዲህ ያለ ነገር በእጇ ላይ ደርሶ አያውቅም።

አመሻሹ ላይ የመጥለቂያ ልብሶቹን በጨው አልባ ውሃ ስታለቀልቅ ጆስሊን መጥታ አጠገቧ ቆመች። አንድ ልብስ አንስታ አብራት መጭመቅ ጀመረች።

"ዜልማ፣ የእውነትሽን ንገሪኝ። ገፍቶኛል አይደል?"

ዜልማ ማለቅለቋን ቀጠለች።

"እሱ አንቺ ነሽ ደንግጠሽ የረገጥሽኝ ይለኛል። ሆዴ ላይ ነው የመታሽኝ አለ። ደጋግሞ ሲነግረኝ እኔም ማመን ጀመርኩ። ደረቴ ላይ የእጁ ስሜት አለ፤ እሱ ደግሞ የለም ይለኛል።"

"ውሃው ደፍርሶ ነበር" አለች ዜልማ። "በደንብ አላየሁም።"

ጆስሊን የልብሱን የመጨረሻ ጠብታ ጨምቃ አወጣች። ከዚያ "እሺ" ብላ የጨመቀችውን ልብስ ገመዱ ላይ ሰቀለችና ሄደች።

በማግስቱ የዕረፍት ቀን ነበር። ኦስበርት ባሕሩ ዳር ዓሣ በኮኮናት ወተት አሠርቶ እንግዶቹን ምሳ ጋበዘ። ክላይቭ ጭልፋውን ይዞ ለሁሉም ያወጣል፣ ያጎርሳል፣ ይቀልዳል። ደግ ሰው መሆኑን ማንም አይክድም።

"የእኔ ሚስት እኮ አየር አትተነፍስም፣ ትጠጣዋለች! ሲሊንደሩን እንደ ለስላሳ ገልብጣ ጨረሰችልኝ። የሚቀጥለው ዓመት ባለ ሁለት ሲሊንደር ነው የምገዛላት!"

ሳቁ አስተጋባ። ጆስሊንም ሳቀች። ሳህን ለመሰብሰብ ያጎነበሰችው ዜልማ ግን ቀጥሎ የተናገረችውን ሰማች።

"ጥፋቱ የኔ ነው" አለች ጆስሊን፣ እየሳቀች፣ አጠገቧ ለተቀመጡት ለሚስ ኢኔዝ። "ድንጋጤ አይደል? እሱን ራሱን ልገድለው ነበር እኮ። ይቅርታ ጠይቄዋለሁ።"

ዜልማ ሳህኖቹን ይዛ ወደ ጓዳ ገባች። የሚታጠበውን አጥባ ጨረሰች፤ ከዚያ የታጠበውን እንደገና ማጠቧን ያወቀችው ኦስበርት "ምን ሆነሻል?" ሲላት ነው።

በሦስተኛው ቀን ጠዋት የመጨረሻው መጥለቅ ነበር፤ ስምንት ሜትር ብቻ፣ ጸጥ ያለ የኮራል ሜዳ። ጀልባዋ የምትታሰርበት መትከያ ላይ ክላይቭ እንደ ልማዱ ጥንዶቹን ይመድባል።

"ጆስሊን ከኔ ጋር። ዛሬ ቁጥብ ብለሽ ተንፍሺ እሺ፣ የኔ እመቤት!"

ጆስሊን ወገቧ ላይ ያለውን ማሰሪያ ልትቆልፍ ትታገላለች። ሦስቴ ሞከረች፤ ሦስቴም ሳተችው። ዜልማ አየቻት።

"ሚስተር ክላይቭ፣ ከመነሳታችን በፊት የምናገረው አለኝ" አለች። ድምፏ ለራሷም እንግዳ ሆነባት። "ጆስሊን፣ የዚያን ዕለት ውሃው አልደፈረሰም። ሁሉንም አይቻለሁ። መተንፈሻውን ስትይዢ እጅሽን መንጭቆ ገፍቶሽ ሄደ። አንቺ አልረገጥሽውም። ሌላም አለ፤ ግማሽ ላይ አየርሽን ማየት የኔ ሥራ ነበር። ረሳሁ። ያለቀብሽ በኔ ጥፋት ነው።"

ኦስበርት የያዘውን ገመድ ለቀቀው።

"ምን ማለት ነው ይሄ?" ክላይቭ ወደ ሁሉም ዞረ። "ጥፋቷን ራሷ እያመነች፣ በኔ ልታላክክ ነው? ሚስ ኢኔዝ፣ ይሰማሉ?"

"እሰማለሁ" አሉ ሚስ ኢኔዝ። "ተው ክላይቭ።"

"እኔ ጀልባዋን ልጠራ..." አለና ቆመ። የሚያግዘው ሰው ፈለገ፤ አንዱ መነጽሩን ያጥባል፣ ሌላው ባሕሩን ያያል። ትከሻው ወረደ። "ፈራሁ" አለ። "አለቀልኝ አልኩ። እጄ ነው ያደረገው እንጂ እኔ... ፈራሁ፣ ጆስ።"

ጆስሊን ማሰሪያውን ተወችው።

"እሱን ያን ዕለት ብትነግረኝ ኖሮ ይገባኝ ነበር" አለች። "መፍራት ያለ ነው። ግን ሁለት ቀን ሙሉ ጭንቅላቴን ነክቶኛል ብዬ ነው የከረምኩት፣ ክላይቭ። ይቅርታ አስጠየቅከኝ እኮ! እየሳቅህ ይቅር አልከኝ።" ወደ ዜልማ ዞረች። "አንቺም። አጠገብሽ ቆሜ ለምኜሽ ዋሸሽኝ።"

"አዎ" አለች ዜልማ። "ዋሸሁሽ።"

"በቃ፣ ዛሬ መጥለቅ የለም" አለ ኦስበርት ተቆጥቶ፤ ቁጣው በማን ላይ እንደሆነ ግን እሱም የሚያውቀው አይመስልም።

"እኔ እወርዳለሁ። ዛሬ ካልወረድኩ ዳግመኛ አልወርድም።" ጆስሊን ሚስ ኢኔዝ ፊት ሄዳ ቆመች። "ከእርስዎ ጋር ይሁን?"

"እኔ አሮጊት ነኝ፣ እጎተትብሻለሁ።"

"እኔም መቸኮል አልፈልግም።"

ሚስ ኢኔዝ ያቃታትን ማሰሪያ ቀጭ አድርገው ቆለፉላትና ተያይዘው ጀልባዋ ላይ ወጡ። ሌሎቹም ሦስቱ አንድ በአንድ ተከተሏቸው። ኦስበርትም እያጉረመረመ መሪው ጋ ሄደ። ከእንግዶቹ ክላይቭ ብቻ መትከያው ላይ ቀረ፤ የመጥለቂያ ልብሱን ለብሷል፣ ሲሊንደሩ እግሩ ሥር ነው።

"እኔስ?" አለ። ጥያቄው ለማን እንደሆነ አልታወቀም። ጀልባዋ ላይ ያሉት ዕቃቸውን ማስተካከል ያዙ።

ዜልማ አየችው። ትታው ብትሄድ የሚወቅሳት አልነበረም፤ እንዲያውም ደስ የሚላቸው ነበሩ። ደግሞ ሁለት ቀን ሙሉ ስትጠላው ከርማለች፤ አሁንም አልወደደችውም። ጎንበስ ብላ ሲሊንደሩን አነሳች፣ ወደ ጀልባዋ ተሸክማ ገባችና ከራሷ አጠገብ አስራ አቆመችው።

"ይግቡ፣ ሚስተር ክላይቭ" አለችው። "ከእኔ ጋር ነዎት።"