ቴሌቪዥኑ ላይ የወጣው ፎቶ

አባቴ አንዴ ካለ አለ ነው። ታላቅ ወንድሜ «ያንተ አናጢነት ይቅርብኝ» ብሎ ሻንጣውን ይዞ የወጣ ቀን «ሁለተኛ ስሙ እዚህ ቤት እንዳይነሳ!» አለ፤ ይኸው ዓመት አለፈው፣ አይነሳም። እማዬ እንኳ ከሱ ጋር በስልክ የምታወራው ኩሽና ገብታ፣ የቧንቧ ውሃ ከፍታ ነው። እኔም ተደብቄ እደውልለታለሁ። ግን ድምፅ ብቻውን ምን ያደርጋል? ናፍቆቱ አንገበገበኝ። አባቴ ራሱ «ና» ካላለው ደግሞ አይመጣም፤ እሱም የአባቱ ልጅ ነው፣ ግትር!

ቅዳሜ ከሰዓት አባቴ ከወርክሾፕ ሲገባ፣ የሚወደውን የድሮ ፊልም ላሳየው ብዬ ኮምፒውተሬን ከፈትኩ። ኮምፒውተሬ ልበል እንጂ የወንድሜ ነው፤ ሲሄድ ለኔ ተወልኝ።

«ይቺን የምታክል ነገር ላይ ነው ፊልም የማየው? ዓይኔ እኮ እንደ ድሮው አይደለም» አለ አባቴ።

«ቆይ፣ ከቴሌቪዥኑ ጋር አገናኝልሃለሁ።»

«ትችያለሽ?»

«እንዴ! ገመድ መሰካት ያቅተኛል?»

አቃተኝ። ገመዱን በሁለቱም በኩል ሰካሁ፣ ሪሞቱን ነካካሁ፣ ፊልሙን አስጀመርኩ። ፊልሙ እዚያው ኮምፒውተሩ ላይ ይታያል፤ ቴሌቪዥኑ ላይ የወጣው ግን ሌላ ነው። ለካ ኮምፒውተሩ ቴሌቪዥኑን እንደ ሁለተኛ ስክሪን ቆጥሮት፣ ስክሪኑ ላይ ከተደረደሩት ፋይሎች ስር ያለውን የጀርባ ፎቶ ብቻ ነው የላከለት። ያን ፎቶ እኔ መች ልብ ብዬው አውቃለሁ! የወንድሜ ፋይል በላይ በላዩ ተደርድሮበት፣ ሰው ይሁን ግድግዳ አይለይም ነበር። ቴሌቪዥኑ ላይ አንድም ፋይል ስለሌለ ጥርት ብሎ ወጣ።

አባቴ ነው። ወርክሾፑ ውስጥ፣ የእንጨት መላጊያውን እንደያዘ፣ ቅንድቡ ላይ ሰጋቱራ ተነስንሶበት፣ ፎቶ ወደሚያነሳው ሰው ዞሮ መንጋጋው እስኪታይ ይስቃል።

እማዬ ከኩሽና ብቅ አለች። «ውይ! አንተ ሰውዬ፣ እንዲህም ትስቅ ነበር?»

እኔ ደነገጥኩ። አሁን ቤቱ ሊታመስ ነው ብዬ ገመዱን ልነቅል ስል «ተይው» አለኝ አባቴ። ተነስቶ ቴሌቪዥኑ አጠገብ ቆመ።

«ይኼን ማነው እዚህ ያስቀመጠው?»

«ማን ይሆናል? ልጅህ ነዋ!» አልኩት፤ ፈርቼ ነበር፣ ቢሆንም አልኩት። «ኮምፒውተሩን በከፈተ ቁጥር የሚያየው አንተን ነበር።»

ይጮህብኛል ስል፣ ሶፋው ላይ ተመልሶ ተቀመጠና ብዙ አየው።

«ፎቶውን ሲያነሳኝ ምን ብሎኝ ነው እንዲህ ያሳቀኝ?» አለ በመጨረሻ። «ጠፋብኝ እኮ።»

«እኔን ምን ትጠይቀኛለህ፣ እሱን ጠይቀው» ብዬ ስልኬን አወጣሁ። ደወልኩና ድምፁን ለሁላችን እንዲሰማ ከፍቼ እጁ ላይ አስቀመጥኩለት።

ወንድሜ እኔ መስዬው «አንቺ ወሬኛ፣ ደህና ነሽ?» ሲል ይሰማል። እማዬ አፏን በነጠላዋ ይዛ ቀረች።

አባቴ ስልኩን ወደ አፉ አስጠጋ። «እኔ ነኝ» አለ። «ያን ጊዜ ወርክሾፕ ውስጥ ፎቶ ስታነሳኝ፣ ምን ብለኸኝ ነው የሳቅኩት?»

ወንድሜ ስልኩን ይዘጋዋል ብዬ ፈራሁ።

«አላስታውስም፣ አባዬ» አለ ወንድሜ።

«እኔም ጠፍቶብኛል» አለ አባቴ። «ቢጠፋንም ግድ የለም። አንተ ብቻ ና።»