ቤት ድረስ የመጣው መምህር

መምህር ሳህሌ አቶ ጉዲሳ ቤት የሄደው በየካቲት፣ ቅዳሜ ከሰዓት ነበር። መንገዱን ባጃጅ ሞልቶት ሳለ በእግሩ ሄደ፤ ቶሎ መድረሱን አልፈለገውማ።

የሚያስተምርበትን ትምህርት ቤት ስም ባንጠራው ይሻላል። ከቂሊንጦ ፋብሪካዎች አጥር ጀርባ፣ ድሮ ጤፍ ይዘራበት በነበረ መሬት ላይ የቆመ የመንግሥት ትምህርት ቤት ነው። በስምንተኛ ክፍል ፈተና ለዓመታት የወረዳው ጭራ ሆኖ ኖሯል። ወላጅ ኑሮው ትንሽ ቀና ሲልለት ልጁን ያወጣና ሳሪስ፣ የግል ትምህርት ቤት ያስገባል። የሚቀረው መሄጃ የሌለው ብቻ ነው።

ርዕሰ መምህርቷ እድላዊት ክፉ ሴት አይደለችም። ውጤት ከተሻሻለ ቤተ መጻሕፍቱ ይታደሳል፣ መጸዳጃ ቤቱም ውሃ ይገባለታል የሚል ተስፋ ከላይ ሰጥተዋት ነበር። ስለዚህ የስምንተኛ ክፍል መምህራንን ቢሮዋ ሰብስባ በሩን ዘጋች።

«ደከም የሚሉትን ልጆች ቤታቸው ሄዳችሁ ወላጆቻቸውን አሳምኑ» አለች። «ዘንድሮ አይፈተኑ፣ ይድገሙ። ማባረር አይደለም። ለራሳቸውም ይጠቅማቸዋል።»

የመጨረሻውን ስትናገር ማንንም አላየችም። መምህራኑ አንድ በአንድ ወጡ። ሳህሌም ዕድሜ ልኩን ተማሪውን «ያልገባችሁን ጠይቁ» ሲል የኖረ ሰው፣ በደንብ የገባውን ነገር እንዳልገባው ሆኖ ወጣ።

አቶ ጉዲሳ የፋብሪካ ጥበቃ ናቸው። የሌሊት ተረኛ ስለነበሩ ከእንቅልፋቸው ነበር የተነሡት። የወላጅ ኮሚቴው ሰብሳቢም እሳቸው ናቸው። የትምህርት ቤቱ አጥር ሲሠራ፣ ከሥራ በቀጥታ እየመጡ እንቅልፋቸውን ትተው ድንጋይ ያቀበሉ ሰው ናቸው። መምህሩን በራቸው ላይ ሲያዩ የሚያደርጉት ጠፋቸው። መደገፊያ ያላትን አንዷን ወንበር በጋቢያቸው ጠርገው አስቀመጡት፤ ራሳቸው ዝቅ ያለች የእንጨት ዱካ ላይ ቁጭ አሉ።

«ዳሲቱ! ሩጪ፣ ከነሐጀራ ሱቅ ለስላሳ አምጪ! ቀዝቃዛውን ስጪኝ በያት!»

«ኧረ አይቸገሩ፣ አሁን ነው የምመለሰው።»

«እንዴት ተደርጎ! መምህር ቤቴ መጥቶ አፉን ሳያርስ ይሄዳል?»

ልጅቱ ለስላሳውን ይዛ ተመለሰች። አባቷ ከቁም ሳጥኑ ላይ ትንሽ ፖስታ አውርደው ከውስጡ ጉርድ ፎቶ አወጡ። «ለፈተናው ተነሥታለች። ይሆናል? ፈገግ ብላለች፣ ተይ ብያት ነበር።»

ሳህሌ ፎቶውን አየና መልሶ ሰጣቸው። ከዚያ መንገድ ላይ ሲለማመደው የመጣውን ተናገረ። ዳሲቱ ጎበዝ ልጅ ናት፣ ጠባይዋም ሸጋ ነው፣ ግን መሠረቷ ትንሽ ሳሳ ብሏል፤ ዘንድሮ ተፈትና ከምትወድቅ፣ ደግማ ተዘጋጅታ ከርሞ ብትፈተን ይሻላታል። ለስለስ አድርጎ ነበር የተናገረው። እንዲያ አሳምሮ መናገር እንደሚችል እሱም አያውቅም ነበር።

ያልተናገረው ነገር አለ። ከሁለት ቀን በፊት ዳሲቱን ሰሌዳ ላይ አስወጥቷት፣ የክፍሉ ጎበዞች የተሳሳቱትን የሂሳብ ጥያቄ ሠርታዋለች። ቀስ ብላ፣ እያጠፋች፣ እንደገና እየጻፈች፣ ግን ሠርታዋለች። ልጅቱ ዘግይታም ቢሆን እየነቃች ነበር። ይህን ያየው እሱ ብቻ ነው፤ ዋጠው።

አቶ ጉዲሳ የልጃቸውን ፈገግታ አንዴ አዩ። ከዚያ ፎቶውን ወደ ፖስታው መለሱት።

«እናንተ ታውቃላችሁ» አሉ። «መምህር የልጅ ሁለተኛ አባት ነው። ሌላው ቢሆን ስትወድቅ ዝም ብሎ ያይ ነበር። እርስዎ ቤቴ ድረስ መጡልኝ። በይ ዳሲቱ፣ አመስግኚ!»

ልጅቱ በሩ ላይ ቆማ ነበር። «ሂሳብ ነው ቲቸር?»

«በአጠቃላይ ነው» አላት፣ ፊቷን ሳያይ።

«እሺ። አመሰግናለሁ።»

ዶሮን ሲያታልሏት በመጫኛ ጣሏት ይባላል። ዶሮዋ ግን አታመሰግንም። ሳህሌ ለስላሳውን ሳይጨርሰው ተነሣ። አቶ ጉዲሳ እምቢ ቢላቸውም እስከ ባጃጅ ፌርማታው ድረስ ሸኙት።

ውጤቱ በክረምት መጣ፤ የተፈተነው ሁሉ አለፈ። በትምህርት ቤቱ ታሪክ እንዲህ ያለ ነገር ታይቶ አያውቅም። መስከረም ላይ ትምህርት ሲከፈት ግቢው በሪባን አጌጠ፣ ድንኳን ተጣለ፣ ከክፍለ ከተማ እንግዳ መጣ። ተማሪዎቹ ወንበር እያወጡ ከድንኳኑ ውጭ ክፍል በክፍል ተቀመጡ። ዳሲቱ ከስምንተኛ ክፍል ጋር፣ ከሷ ታናናሾች መሀል፣ ኋላ ጥግ ላይ ነበረች። ሳህሌ ቀድሞ ያየው እሷን ነው። ከዚያ በኋላ ወደዚያ ጥግ ላለመዞር አንገቱ እስኪደርቅ ተጠነቀቀ።

ለውጤቱ የተሸለመውን ዋንጫ ወላጆችን ወክለው የተቀበሉት አቶ ጉዲሳ ነበሩ። ለበዓል ብቻ የምትወጣ ኮታቸውን ለብሰዋል። ዋንጫውን አቅፈው ማይክሮፎኑ ፊት ቆሙ።

«እኔ ንግግር አላውቅም» አሉ። «አንድ ነገር ብቻ ልናገር። መምህር ሳህሌ አምና ቤቴ መጡ። ማንም አላዘዛቸው። ልጄ ተፈትና ወድቃ እንዳትሰበርብኝ ብለው፣ በእግራቸው፣ ያንን ሁሉ አቧራ አቋርጠው መጡ። ትድገም አሉኝ፣ እሺ አልኩ። እንዲህ ያለ መምህር የት ይገኛል? እግዜር ይስጥልኝ!»

ግቢው በጭብጨባ ተናወጠ። ሳህሌ መሬት ተከፍታ ብትውጠው ደስ ባለው። እድላዊት ከጎኑ እጇን እያጋጨች ድምፅ የሌለው ጭብጨባ ታጨበጭባለች።

ያኔ ከወላጆቹ መሀል ወይዘሮ ፈለቀች፣ አትክልት ነጋዴዋ፣ ብድግ አሉ። ምስጋና ሲከፋፈል መቅረት አይወዱም። «እኛም ቤት መጥተዋል! የኔን የአብስራን አስደግመውልኛል፣ ተባረኩ!»

«የኔንም ልጅ!» አለ ባለወፍጮው ጣሰው ከኋላ። «እኔ ጋ ሴቷ መምህር ናት የመጣችው!»

«እኛም ጋ!» አለ ሌላ ሰው። «እኛም!» የሚል ድምፅ ከዚያም ከዚህም ተነሣ። መጀመሪያ ሰዉ ሳቀ። ቀጥሎ ሳቁ ሳሳ። ጣሰው እጁን እንዳነሣ ዞር ብሎ ፈለቀችን አየ፤ እሳቸውም እሱን አዩ። እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል ይባላል፤ እዚህ ግቢ ማደርም አላስፈለገው። የክፍለ ከተማው እንግዳ ማጨብጨቡን ትቶ ስልኩን መነካካት ጀመረ። ማይክሮፎኑ ብቻውን ይጮሃል።

ነገሩ ከሁሉም መጨረሻ የገባቸው አቶ ጉዲሳ ናቸው። መድረኩ ላይ እንደቆሙ ወላጆቹን አዩ፣ መምህራኑን አዩ፣ ያቀፉትን ዋንጫ አዩ። ከዚያ ጠረጴዛው ላይ ቀስ አድርገው አስቀመጡትና ወረዱ።

ቀጥ ብለው ወደ ሳህሌ መጡ። ሳህሌ ስድብ ጠበቀ፤ ስድብ ቢሆንለት ይሻለው ነበር።

«መምህር» አሉት ዝቅ ባለ ድምፅ። «በሰው ፊት አዋረድኩዎት። ለምስጋና ብዬ ነበር። ይቅር ይበሉኝ።»

ሳህሌ «ምንም አይደለም» ብሎ ማለፍ ይችል ነበር። ያን ቢል ሰውየው እጁን ጨብጠው ይሄዳሉ፣ ነገሩም ተዳፍኖ ይቀራል። ግን ኀፍረቱ አላስቻለውም።

«አቶ ጉዲሳ፣ ዳሲቱ ልታልፍ ትችል ነበር» አለ። «አውቅ ነበር። እርስዎ ቤት ስመጣ አውቅ ነበር።»

አቶ ጉዲሳ የኮታቸውን ቁልፍ ፈቱ፣ መልሰው ቆለፉ።

«ይኼን ለኔ አይንገሩኝ» አሉ በመጨረሻ። «ለሷ ይንገሯት። ደደብ ነኝ እያለች ነው ክረምቱን የከረመችው።»

ሳህሌ ከድንኳኑ ወጥቶ ወደ ስምንተኛ ክፍል ተማሪዎች ሄደ። ሰው ሁሉ እያየው ነበር። ዳሲቱ ወደሷ ሲመጣ ስታየው ያጠፋችው ነገር ያለ መሰላትና፣ እጆቿን ወደ ኋላ አድርጋ ከወንበሯ ተነሥታ ቆመች።