ያልተላከችው ነርስ

ሄር (አቶ) ሴደርሆልም በስልክ ሲያስጠሯት፣ ውባለም ስቶክሆልም አጠገብ ሶልና በሚገኘው ትልቅ ሆስፒታል የሕፃናት ክፍል ነርስ ሆና መሥራት ከጀመረች ሁለተኛ ዓመቷን ይዛ ነበር። ሰውየው የስዊድን ሚሲዮን ማኅበር ጸሐፊ ናቸው። ከኢትዮጵያ ያስመጧት፣ ነርስነት ያስተማሯት፣ ስቶክሆልም እንደ ደረሰችም የመጀመሪያውን የክረምት ካፖርት የገዙላት እሳቸው ናቸው። ስለዚህ ሲጠሯት መቅረት አይሆንላትም። ጊዜው በፈረንጆቹ 1965፣ ቅጠሉ መርገፍ የጀመረበት ሰሞን ነበር።

«ሲስተር ውባለም፣ እንግዳ ይመጣል» አሏት፣ ሶደርማልም ካለው ቢሯቸው አስቀምጠው። «ፓስተር ኤልያስ ታሪ ይባላሉ፤ ከፓሲፊክ ደሴቶች ነው የሚመጡት። አጥቢያዎቻችን ከሳቸው ቤተ ክርስቲያን ጋር የወንድማማችነት ኅብረት እንደ ገቡ ታውቂያለሽ። እስከ ገና በየአጥቢያው እየዞሩ ይናገራሉ። እንግሊዝኛቸውን ወደ ስዊድንኛ የሚመልስላቸው ሰው ያስፈልጋል።»

«እንግሊዝኛ ከኔ አስበልጦ የሚያውቅ ስዊድናዊ ጠፍቶ ነው?»

«አልጠፋም። ግን ሁለታችሁም ከሚሲዮን መስክ የመጣችሁ ናችሁ፤ ትግባባላችሁ።»

ከአዲስ አበባ እስከዚያ ደሴት ያለው መንገድ ከአዲስ አበባ ስቶክሆልም ካለው በብዙ እንደሚረዝም ልትነግራቸው አሰበችና ተወችው። ለምን ትከራከራለች? ሰውየው ክፉ አይደሉም።

አርላንዳ አውሮፕላን ማረፊያ ሄዳ የተቀበለቻቸው እሷ ናት። ፓስተር ኤልያስ ስድሳ ያለፋቸው፣ ጸጉራቸው የሸበተ፣ ግዙፍ ሰው ናቸው። የለበሱት ሙሉ ልብስ የተዋሱት መሆኑ ከእጅጌው ማጠር ያስታውቃል። በዚያ ብርድ ነጠላ ጫማ በካልሲ ተጫምተዋል። ሲያዩዋት ትክ ብለው ተመለከቷትና ሳቃቸው ፈነዳ።

«ስዊድኖች ሁሉ ነጮች ናቸው ብለውኝ ነበርኮ!»

«ዋሽተዎታል» አለቻቸው። እሷም ሳቀች። ከዚያች ሰዓት ጀምሮ ተወዳጁ።

ከዚያ በኋላ በሳምንት ሁለቴ ሦስቴ ከሥራ ስትወጣ በትራም፣ ሲርቅም በባቡር አብራቸው ትሄዳለች። አዳራሾቹ ይመሳሰላሉ። እድፍ የሌለበት የጠረጴዛ ልብስ፣ የቡናና የዳቦ ሽታ፣ ከፊት ለፊት ሹራብ የሚሠሩ የማኅበር ሴቶች። መብራቱ ይጠፋና የደሴቲቱ ፎቶግራፎች ግድግዳው ላይ ይበራሉ። ባሕር፣ የኮኮናት ዛፍ፣ ጥርሳቸውን የሚያሳዩ ልጆች። በመጨረሻ አንድ ቆርቆሮ የለበሰ ነጭ ቤት ይመጣል።

«ይህን ክሊኒክ የሠራችሁልን እናንተ ናችሁ» ይላሉ ፓስተር ኤልያስ። «አልጋ አለው፣ የመድኃኒት ቁም ሳጥን አለው። የላካችሁልን ነርስ ወባ ጠንቶባት ከተመለሰች ወዲህ ግን ሰው የለውም። የደረቀ ኮኮናት ልትጭን የመጣች መርከብ ኩፍኝ አመጣችብን። እናቶች ልጆቻቸውን አቅፈው ከክሊኒኩ በር ላይ ተቀመጡ። በሩ ክፍት ነው፤ ውስጥ ሰው የለም። እኔ ያን ጊዜ ቀባሪ ነበርኩ እንጂ ሰባኪ አልነበርኩም። እባካችሁ ነርስ ላኩልን።»

ውባለም ይህንን ቃል በቃል ትመልሰዋለች። ሴቶቹ እንባቸውን ይጠርጋሉ፤ ለደሴቲቱ ልጆች የሠሩትን የሱፍ ኮፍያና ካልሲ ያስረክባሉ። ፓስተሩ ብርድ ለማያውቅ አገር የተሠራውን የሱፍ ኮፍያ በሁለት እጃቸው ተቀብለው ጎንበስ ብለው ያመሰግናሉ።

«ነርስ ላኩልን» የሚለውን ቃል ስንት አዳራሽ ውስጥ እንደ ተናገረችው ውባለም አላወቀችም። አንድ ቀን ኡፕሳላ ደርሰው ሲመለሱ፣ በባቡሩ መስኮት የሚያልፈውን ጫካ እያየች ሳለ፣ ልመናው ለሷ እንደሆነ ገባት። መሄድ አለባት። እንዲህ ያለ እርግጠኛነት ከዚያ በፊት ተሰምቷት አያውቅም።

በመጀመሪያ የነገረችው ለግርማቸው ነው። ግርማቸው የምሕንድስና ተማሪ ነው፤ በሰኔ ይጨርሳል። ተጋብተው አብረው አገር እንደሚገቡ የሚያውቃቸው ሁሉ ያውቃል። ስሉሰን አጠገብ ካለች ኬክ ቤት ተቀምጠው ነገረችው።

«ደሴት?» አለ ስኒውን አስቀምጦ። «አገርሽ ውስጥ ነርስ የሚባል አይቶ የማያውቅ ወረዳ ስንት ነው? እዚያ ማን አለሽ?»

«ስዊድኖቹስ ባሕር ተሻግረው ሲያስተምሩኝ ማን ነበራቸው?»

«እነሱ ተርፏቸው ነው። እኛ ምን ተርፎን?»

«ሳይተርፈው የሚሰጥ ሰው የለም እንዴ?» ድምፅዋ ከፍ አለ፤ መልሳ ዝቅ አደረገችው። «ስማኝ፣ ግርማቸው። እንደመጣሁ የሐበሻ ቀሚስ አልብሰው ከአጥቢያ አጥቢያ አዞሩኝ። በአማርኛ መዝሙር እዘምራለሁ፣ ሰዎቹ ያለቅሳሉ፣ አመሰግናለሁ ብዬ እቀመጣለሁ። እዚህ አገር ሥራዬ አመሰግናለሁ ማለት ሆነ። አንድ ጊዜ እንኳን የምሰጥ ሰው ልሁን። ሦስት ዓመት ብቻ ነው።»

«ሦስት ዓመት አልጠብቅሽም» አለ።

ከአፉ ሲወጣ እሱንም ሳያስደነግጠው አልቀረም። ግን አላነሣውም። እሷም አንሣልኝ አላለችውም።

ፓስተር ኤልያስ ሲሰሙ ባርኔጣቸውን አወለቁ። ትራም ውስጥ ነበሩ፤ ሰው ያያቸዋል።

«ልጄ፣ ለሽማግሌ እንዲህ ያለ ነገር በቀልድ አይነገርም።»

«ቀልድ አይደለም ፓስተር። እመጣለሁ።»

ሽማግሌው ፊታቸውን ወደ መስኮቱ አዞሩ። በማግስቱ ነርስ መገኘቷን በቴሌግራም ለሕዝባቸው አስታወቁ። ከሁለት ሳምንት በኋላ መልስ መጣላቸው። ወንዶቹ ከክሊኒኩ አጠገብ ቤት ሊሠሩላት እንጨት መቁረጥ ጀምረዋል፤ ሴቶቹ ምንጣፍ እየሠሩላት ነው። ፓስተሩ በየመንገዱ ቋንቋቸውን ያስተምሯት ገቡ። «የት ጋ ያምሃል?»፣ «ውኃ አፍልታችሁ ጠጡ»፣ «አይዞሽ፣ ልጅሽ ይድናል»። አነጋገሯን እየሰሙ እንደ ልጅ ይስቃሉ። በዚያ ሰሞን ውባለም ደስተኛ ነበረች። ማኅበሩ እምቢ ይለኛል የሚል ሐሳብ አልመጣላትም፤ ነርስ ጠፋ እያለ በየአዳራሹ የሚያውጀው ማኅበሩ ራሱ ነውና።

ሄር ሴደርሆልም እስከ መጨረሻው አዳመጧት።

«ልብሽን አውቃለሁ» አሏት። «ግን አይሆንም።»

«ለምን?»

«ያስተማርንሽ ለኢትዮጵያ ነው። ያገርሽ ቤተ ክርስቲያን ትጠብቅሻለች።»

«ጠይቄያቸዋለሁ። ሄደሽ አገልግይ ብለው መርቀውኛል።»

ይህን አልጠበቁም። መነጽራቸውን አውልቀው መጥረግ ጀመሩ። «ቢሆንም ኅብረቱ በስዊድን አጥቢያዎችና በደሴቲቱ መካከል ነው። አጥቢያዎቹ የሚልኩት የራሳቸውን ልጅ ነው።»

«ልጃቸው ማን ናት? ስሟን ይንገሩኝና እኔ ልተወው።»

«ለጊዜው የተነሣች የለችም።»

«ታዲያ ክሊኒኩ ባዶውን ሊቀር ነው?»

«እንጸልያለን።»

«በራሴ ብሄድስ?»

«ደሴቲቱን የሚገዙት እንግሊዞች ያለ ማኅበሩ ዋስትና ሰው አያስገቡም። እኛ ካልፈረምን መርከቡም አያሳፍርሽም።» ይህን ያሏት ነገ በረዶ ይጥላል እንደማለት፣ ያለ ቁጣና ያለ ክፋት ነው።

ለፓስተር ኤልያስ ስትነግራቸው አልተናደዱም። «እሑድ የመጨረሻው ስብሰባ ነው፤ ለምእመናኑ ራሴ እነግራቸዋለሁ» አሉ። ምእመናኑ ከራሳቸው አፍ ከሰሙ ልመናቸውን እንደሚቀበሉ አምነው ነበር።

እሑድ ዕለት፣ የገና በዓል ሊደርስ ስለነበር፣ ቤተ ክርስቲያኑ ሞልቶ ነበር። ፓስተሩ ምስጋናቸውን አቀረቡ፤ ውባለም ከጎናቸው ቆማ አስተረጎመች። ከዚያ ትንፋሽ ወሰዱ።

«ነርስ አልተገኘም ብላችሁኛል። ነርሷ ይኸው እዚህ ጎኔ ቆማለች።»

ፓስተሩ ዞር ብለው ቀስ ባለ ድምፅ «ተርጉሚው ልጄ» አሏት።

«ነርሷ... ይኸው እዚህ ጎኔ ቆማለች» አለች በስዊድንኛ።

«ልትመጣ ፈቅዳለች። ሕዝቤ ቤት እየሠራላት ነው። ልብስ አልለምናችሁም፣ ሌላ ምንም አልለምናችሁም። እሷን ልቀቁልኝ።»

ተረጎመችው። የገዛ ድምፅዋ የሌላ ሰው መሰላት። ስለ ራሷ ስትለምን ሰው ሁሉ ያያታል። ከወደኋላ አንድ ሰው አሳለ። ሄር ሴደርሆልም ከፊተኛው ወንበር ተቀምጠው መሬት መሬቱን ያያሉ። የአጥቢያው ፓስተር ተነሡና እንግዳውን ልብ ስለሚነካው ንግግራቸው አመስግነው የመዝሙሩን ቁጥር ጠሩ። ኦርጋኑ ጀመረ። ሰው ሁሉ ቆሞ ዘመረ።

ከዝማሬው በኋላ አንዲት አሮጊት መጥተው ጉንጯን ዳሰሷት። «አንቺማ የኛ ነሽ» አሏት በፍቅር። «የት ልትሄጂብን!»

ፓስተር ኤልያስ ከገና በኋላ ተሸኙ። ሳጥን ሙሉ የሱፍ ልብስ ጭነውላቸዋል። አርላንዳ ላይ እጇን ይዘው ቆሙ።

«ምን ብዬ እነግራቸዋለሁ?» አሏት። «ቤቱ አልቋል።»

ውባለም ይህን ሌሊቱን ሁሉ ስታስብበት ነው ያደረችው። «ሐሳቧን ለወጠች ይበሏቸው።»

«ይህ ውሸት ነው።»

«ማኅበሩ ከለከለ ካሏቸው ይጣላሉ፤ ኅብረቱ ይፈርሳል። ያቺ የምትላክላችሁ መድኃኒት ትቀራለች። የማያውቋት አንዲት ነርስ ቃሏን አጠፈች ቢባል ግን ማን ይጎዳል?»

«አንቺ ትጎጂያለሽ።»

«እኔ እዚህ ነኝ፤ አልሰማቸውም።»

ሽማግሌው ግንባሯን ሳሙና ሄዱ። እንደ መከረቻቸው እንዳደረጉ ያወቀችው በኋላ ነው።

ሰኔ ላይ ግርማቸው ትምህርቱን ጨረሰ። ሶልና ድረስ መጥቶ ከሆስፒታሉ በር ጠበቃት።

«መሄድሽ ከቀረ አብረን እንግባ» አላት። «ያን ቀን ያልኩትን እርሺው።»

ትወደው ነበር። ግን አብራው ብትገባ፣ በተጣሉ ቁጥር «ሌላው ቀርቶብሽ ነው ያገባሽኝ» የሚለው ነገር በመካከላቸው እንደሚቀመጥ ታያት። «አሁን አልችልም» አለችው። «መቼ ትችያለሽ?» አለ። አላውቅም አለችው፤ እውነቷን ነበር። ግርማቸው ብቻውን ገባ። ዓመት ሳይሞላ ማግባቱን የሰማችው ከመሸሻ ነው፤ መሸሻ አብሮት የተማረ ጓደኛው ነው።

በፈረንጆቹ 1967 ጸደይ ሄር ሴደርሆልም ታመው ከሥራ ወጡ። ባለቤታቸው ደውለው «ሊያዩሽ ይፈልጋሉ» ስላሏት ከተረኛነቷ በፊት ቤታቸው ሄደች። ከስተው፣ ብርድ ልብስ ለብሰው መስኮት አጠገብ ተቀምጠዋል።

«ፓስተር ኤልያስ ዐረፉ» አሏት። «የመጨረሻው ደብዳቤ ነው ያረዳን። በዝናቡ ወራት ነው፤ ትኩሳት። የሚያያቸው ሐኪም አልነበረም።»

ውባለም ወንበር ስባ ተቀመጠች።

«ክሊኒኩስ?»

«የኮኮናት መጋዘን አድርገውታል። ኅብረቱም አብቅቷል። አጥቢያዎቹ ወደ ሌላ አገር ዞረዋል፤ አዲስ ነገር ይሻላል ተባለ።» ብርድ ልብሱን ወደ ላይ ሳብ አደረጉት። «ፓስተሩ፣ አንቺ ሐሳብሽን እንደ ለወጥሽ ለሕዝቡ መናገራቸውን ጽፈውልኝ ነበር። እኔም ዝም አልኩ፤ ተመቸኝ። ግን አንድ ነገር ሳልነግርሽ መሞት አልፈልግም። ያን ጊዜ የከለከለሽ ሕግ አልነበረም። ቢሮዬ ከመምጣትሽ በፊት ወሬውን ሰምቼ ጉዳይሽን ለአጥቢያዎቹ ተወካዮች አቅርቤ ነበር። አንዱ ተነሥቶ ‹ከኢትዮጵያ የመጣች ነርስ ከሄደች እኛ ለምን እናስፈልጋለን?› አለ። ማንም አልመለሰለትም። እኔም አልመለስኩለትም። ነገሩ በዚያው አለቀ።»

ውባለም የሆነ ነገር ልትል ፈለገች። የምትጮህበት ሰው ፈለገች። ከፊቷ ያለው ግን የከሳ በሽተኛ ነው፤ በሽተኛ ላይ መጮህ ደግሞ አልለመደባትም።

«እውነቱን ልጽፍላቸው» አለች በመጨረሻ። «የምጽፍለትን ሰው ስም ይስጡኝ።»

«ለማን? አዲሱን ፓስተር አላውቃቸውም። ኅብረቱ ከፈረሰ ወዲህ መልእክት የሚያደርስልን የለም። እሳቸው ብቻ ነበሩ የምናውቃቸው።»

«ታዲያ ማን ይነግራቸዋል?»

«ማንም» አሉ ሄር ሴደርሆልም።

ባለቤታቸው ከማድ ቤት ብቅ ብለው ቡና ልቅዳልሽ ወይ አሏት። ተረኛ ነኝ፣ ይቆየኝ አለች። ካፖርቷን ለበሰች፤ ቁልፎቹ እምቢ ስላሏት ሳትቆልፈው ደረጃውን ወረደች።