የሚጥሚጣ ደንበኞች

«ይቺኛዋስ የማን ናት?» አሉ እትዬ ጉዲቱ፣ ንፍሮ የጨበጠ እጃቸውን አፋቸው ላይ ጋርደው። ሹክ ማለታቸው ነው። የእትዬ ጉዲቱ ሹክሹክታ ግን ድንኳኑን አልፎ ታክሲ ፌርማታው ድረስ ይሰማል።

ፅዮን ቀና አለች። ከድንኳኑ አፍ ላይ ነጠላዋን ያዘቀዘቀች ወጣት ቆማለች። አልጮኸችም፣ ደረቷን አልመታችም፤ ዝም ብላ እንባዋን ታወርዳለች። ካርታ የሚጫወቱት ሳይቀሩ አንገታቸውን አዞሩ።

አወቀቻት፦ ተገልጋይዋ ናት፣ ማራኪ የምትባለው።

ፅዮን ዓይኗን ወደ ምንጣፉ መለሰች። ደንቡ እንደዚያ ነው። ራሷ የጻፈችው፣ ራሷ የምታስፈርመው ደንብ፦ ከክፍሉ ውጭ ስንገናኝ ቀድመሽ ሰላም ካላልሽኝ እኔ አላውቅሽም። ፅዮን የሥነ ልቦና ባለሙያ ናት፤ ፈቃዷ በመስታወት ተከድኖ ግድግዳ ላይ ተሰቅሏል፤ ፈቃድ ያለው ሰው ደግሞ በእናቱ ለቅሶም ላይ ቢሆን ደንብ ያከብራል። ማራኪን ላለማየት ሌላም ምክንያት ነበራት። እሱ ግን ደንብ አይደለም፤ ጥርጣሬ ነው።

«እግዜር ያጥናችሁ» አለች ማራኪ።

«አሜን። ዘመድ ነሽ ልጄ?» እትዬ ጉዲቱ ጠጋ ብለው ቦታ ለቀቁላት። እሳቸው ቦታ የሚለቁት ለመጠየቅ እንዲመቻቸው ነው።

«አይደለሁም… የሚጥሚጣ ደንበኛቸው ነበርኩ።»

እትዬ ጉዲቱ ማኘክ አቆሙ። ከቀብሩ ወዲህ ይቺ አራተኛዋ ናት። በቀብሩ ዕለት ሱፍ የለበሰ ረጅም ሰውዬ መጥቶ ተንሰቅስቆ ሄደ፤ ማን ነህ ቢሉት የሚጥሚጣ ደንበኛ። ዛሬ ጠዋት አንዲት እናት አፏን ከማትከፍት ልጇ ጋር መጣች፤ እነሱም የሚጥሚጣ ደንበኞች።

«ወርቅዬ በሳምንት አንድ ኪሎ ሸጣ አታውቅም እኮ» አሉ እትዬ ጉዲቱ፤ ይህንን ሹክ ሊሉት እንኳ አልሞከሩም። «ሠላሳ ዓመት ጎረቤቷ ነኝ። ለሚጥሚጣ እንዲህ ይለቀሳል?»

ያን ጊዜ አምሐ፣ ታላቅ ወንድሟ፣ በአገጩ ጠቀሳት። ከአስኮ ከመጣ ጀምሮ ለቀስተኛውን በር ላይ ቆሞ እንደ ፈታሽ ነው የሚያየው። ተከትላው ከውሃ ሮቶው ጀርባ ሄደች።

«እማዬ ምን ትሠራ ነበር?»

«ሚጥሚጣ ትሸጥ ነበር።»

«ፅዮኔ፣ እኔን እንደ ጉዲቱ አታድርጊኝ። ያ ሰውዬ ከነከረባቱ ሚጥሚጣ ፍለጋ እዚህ ጓሮ ድረስ ምን ያመጣዋል? ወይ ትጠነቁል ነበር፣ ወይ ቤቱን ለሆነ ሰው ቃል ገብታለች። ነገ ወረቀት ይዞ የሚመጣ ካለ አሁኑኑ ልወቀው።»

«እኔ የማውቀው የለም።»

«ስትዋሺ ጆሮሽ ይቀላል። ከሕፃንነትሽ ጀምሮ።»

ነጠላዋን ጆሮዋ ላይ ሳበች።

«ለማንኛውም» አለ አምሐ፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ «ከአርባው በኋላ ያንቺን ክፍል ሞባይል ጠጋኝ ይከራየዋል፤ ሰውም አግኝቻለሁ። አትቆጪ። ከተከፈተ ሦስት ወር ሆነው፤ አንድ በሽተኛ ሲገባ ያየ የለም። ሰፈሩን ጠይቂ።»

ሰፈሩማ አላየም። ሱፍ የለበሰው ሰውዬ ማክሰኞ ማክሰኞ ከእሷ ፊት ይቀመጥ ነበር። እናትና ልጅ ቅዳሜ ጠዋት፣ ማራኪ ሰኞ ከሥራ በኋላ። አንዳቸውንም መጥራት አትችልም። ወንድሟ እናታቸውን በጥንቆላ ሲጠረጥር፣ እውነቱን ይዛ ጆሮዋን እንደሸፈነች ቆመች።

«እስከ ነገ፣ እስከ ሳልስቱ ታገሠኝ» አለችው። «ቁልፉን ራሴ ልሰጥህ እችላለሁ።»

አምሐ ደነገጠ። ለጭቅጭቅ ነበር የተዘጋጀው። ፅዮን ቁልፍ የምታስረክብ ሴት አይደለችም።

ቁልፉ ጡት መያዣዋ ውስጥ ነበር። ሁለት ቀን ሙሉ ቆዳዋን ሲቧጭራት አንድ ነገር ብቻ ነው ያሰበችው፦ እማዬ ግድግዳው ስር ቁጭ ብላ ሰምታ ከሆነ፣ ሰምታም አውርታ ከሆነ፣ እኔ እዚያ ወንበር ላይ የመቀመጥ መብት የለኝም።

ክፍሉ ቀድሞ የወርቅዬ ሱቅ ነበር። ልጇ ፈቃዷን ያወጣች ሰሞን መደርደሪያውን ራሷ ነቅላ፣ ግድግዳውን ኖራ ቀብታ ለቀቀችላት። ከዚያ የጤና ቢሮ ተቆጣጣሪዎች ሜትር ይዘው መጡ። የክፍሉን ስፋት ለኩ፤ የእጅ መታጠቢያውን ከፍተው ዘጉ፤ የፋይል ካቢኔቱ ቁልፍ እንዳለው አዩ።

«ድምፅስ?» አለ አንደኛው። ወደ ግቢው ያለውን የቺፑድ ግድግዳ በጣቱ አንጓ ሁለቴ መታው። ከግድግዳው ወዲያ የሰፈሩ ሴቶች ልብስ የሚያጥቡበትና ሰው የሚያሙበት በረንዳ ነው።

«ደህና ነው» አለች ፅዮን፣ ቶሎ ብላ። ለማሳጠር ስትል ነው እንጂ ሞክራው አታውቅም። ሰውዬውም «ደህና ነው» ብሎ ጻፈ። ወርቅዬ በሩን ተደግፋ ስታይ ነበር። ሰውዬውን ሳይሆን ግድግዳውን።

በማግስቱ ታፔላው መጣ፤ ሰማያዊ፣ ነጭ ጽሑፍ ያለው።

«ይቆይ» አለች ወርቅዬ።

«ምኑ ነው የሚቆየው?»

«ታፔላው። አልጋ ስር አስቀምጪው።»

«ታፍሪብኛለሽ አይደል? ልጄ የእብድ ሐኪም ናት ማለት ከበደሽ።»

ወርቅዬ ሙቀጫዋን ከጓዳ እየገፋች አውጥታ በረንዳው ላይ፣ የቺፑዱ ግድግዳ ስር አቆመችው። ከዚያ ቀን ጀምሮ አንድ ተገልጋይ ገብቶ በሩ በተዘጋ ቁጥር ይጀምራል፦ ዱም፣ ዱም፤ ትንሽ ፋታ፤ ዱም፣ ዱም። ፅዮን ጥርሷን ትነክሳለች። መጽሐፉ ስለ ጸጥታ የጻፈው ምዕራፍ ትዝ ይላታል።

«እማ፣ ሌላ ሰዓት የለሽም?»

«ትዕዛዝ አለብኝ።»

በዚህ ቢያበቃ ጥሩ ነበር። የሚወጣውን ሰው ደግሞ በር ላይ ትጠብቀውና በፌስታል የተቋጠረች ሚጥሚጣ እጁ ውስጥ ትወትፍለታለች። ሰዎቹ ዓይናቸው ቀልቶ፣ አፍንጫቸውን እየጠረጉ፣ ፌስታል አንጠልጥለው በጎረቤቱ ሁሉ ፊት ይሄዳሉ። ፅዮን አንድ ቀን አበደች። «ተገልጋዮቼ ላይ አትነግጂ! ሙያ ነው የያዝኩት፤ ጉሊት አይደለም!»

«እንግዳ ባዶ እጁን ከቤቴ አይወጣም» አለች ወርቅዬ፣ ፌስታል እየቋጠረች።

ከዚያ የማራኪ መልእክት ስልኳ ላይ ገባ፦ «እናትሽ ጉዳዬን ያውቁታል። ከእንግዲህ አልመጣም።»

ፅዮን አንብባ ስትጨርስ በረንዳው ላይ ነበረች። «አሁን ገባኝ» አለች፣ «ለምን እዚህ ግድግዳ ስር እንደምትቀመጪ። ትሰሚያለሽ! ሰዎቹን እየሰማሽ ነው!»

ዘነዘናው ቆመ። ወርቅዬ ቀና ብላ አየቻት፤ ፅዮንም ያን አስተያየት የተያዘ ሰው አስተያየት አድርጋ ወሰደችው።

«እኔ ሚጥሚጣ ሻጭ ነኝ» አለች ወርቅዬ። «ምን ሰማሁ?»

እየቀለደችብኝ ነው ብላ ፅዮን አኮረፈች። ሦስት ቀን አኮረፈች። በአራተኛው ቀን ጠዋት ወርቅዬ ከአልጋዋ አልተነሳችም። ደም ግፊት አሉ ሐኪሞቹ።

በሳልስቱ ከቀትር በኋላ የእድሩ ሰዎች ድንኳኑን አወረዱ፤ አግዳሚዎቹም ጋሪ ላይ ተጫኑ። በረንዳው ላይ እትዬ ጉዲቱና ሁለት ሴቶች ሰሃን ያደራርቃሉ። አምሐ ለሞባይል ጠጋኙ ስልክ ሲደውል ይሰማል። ፅዮን እጇን ደረቷ ላይ፣ ቁልፉ ላይ አድርጋ ወደ እሱ ስትራመድ የግቢው በር ተከፈተ።

«ሰላም ፅዮን» አለች ማራኪ።

ቀድማ ሰላም አለቻት። በሰው ፊት፣ በስሟ።

«ሰላም ማራኪ።»

ፅዮን ክፍሉን ከፈተች። የተዘጋ አየርና የኖራ ሽታ ተቀበላቸው። ማራኪ የሰኞ ቦታዋ ላይ ተቀመጠች፤ ፅዮን ግን ቆመች።

«አንድ ነገር ብቻ ንገሪኝ» አለች፤ ድምፅዋ የባለሙያ ድምፅ አልነበረም። «እናቴ ጉዳይሽን ከማን ሰማች?»

«ከእኔ ነዋ።»

«ከአንቺ… በግድግዳው?»

«በአፌ ነው የነገርኳቸው! ሁልጊዜ ቀድሜ እደርስ የለ? አጠገባቸው ቁጭ እላለሁ። እሳቸው ይወቅጣሉ፣ እኔ ዝም እላለሁ። ላንቺ ልነግርሽ አራት ሳምንት ሞክሬ ያቃተኝን አንድ ቀን ለእሳቸው ዘረገፍኩት። አላዩኝም እኮ፤ ሙቀጫውን ነበር የሚያዩት። ስጨርስ ‹በይ አሁን ግቢ፣ እዚያ ደግሞ ድገሚው፤ ሁለተኛው ይቀላል› አሉኝ። አልገባሁም፤ ወደ ቤቴ ሮጥኩ። ማታውን ሐሳብ ያዘኝ። እናት ናቸው፤ ለልጃቸው መንገራቸው አይቀርም፤ ፅዮን ከሌላ ሰው ሰምታው በምን ዓይኗ ታየኛለች አልኩ። ለዚያ ነው የጻፍኩልሽ።»

«አልነገረችኝም።»

«አውቃለሁ። ትናንት ድንኳን ስገባ እንደ ሌባ ነው ያየሽኝ። ጉዳዬን ብታውቂው እንደዚያ አታዪኝም ነበር።» ማራኪ በነጠላዋ አፍንጫዋን ጠረገች። «ያን ቀን ስወጣ ‹ለፅዮን አይነግሯትም አይደል?› ብያቸው ነበር። ሳቁብኝ። ‹እኔ ሚጥሚጣ ሻጭ ነኝ። ምን ሰማሁ?› አሉኝ።»

ፅዮን ወንበሩን ያዘች። እናቷ በአንድ ዓረፍተ ነገር ራሷን ነፃ ማውጣት ትችል ነበር፤ «ልጅቷ ራሷ ነገረችኝ» ብትል ያበቃ ነበር። እሱም ግን የማራኪ ጉዳይ ነበረ። አላለችውም። ልጇ አኩርፋት ሳለ ይዛው ሞተች።

«እንግዲህ አሁን ልድገመው» አለች ማራኪ። «ሁለተኛው ይቀላል ካሉ።» አፏን ከፈተች።

«…አንዲት ጠብታ እንባ አላወጣችም እኮ!» የሚል ድምፅ ክፍሉ ውስጥ ገባ። እትዬ ጉዲቱ ናቸው፤ ከግድግዳው ወዲያ፣ ሰሃን እየደረደሩ፤ ግን እዚሁ ፅዮንና ማራኪ እግር ስር የተቀመጡ ያህል ነበር። «ሦስት ቀን ሙሉ እንደ ድንጋይ። ትምህርት ያደርቃል መሰለኝ። ደግሞ ያቺን ልጅ ይዛ ገብታ ዘጋች፤ ዝም በሉ እስቲ…»

ሰሃኖቹ ዝም አሉ። ማራኪ አፏን ዘጋች።

«በፊት እኮ እንዲህ አይሰማም ነበር» አለች በሹክሹክታ።

«አይሰማም ነበር» አለች ፅዮን።

ግድግዳውን አየችው። ደህና ነው ብላ ያስጻፈችው ግድግዳ። ሁለት ዲግሪ ያላት ሴት አንድ ነገር አስባ አታውቅም፦ እየወቀጡ መስማት እንደማይቻል።

በሩን ከፍታ ወጣች። እትዬ ጉዲቱ ፈጥነው ሰሃን አነሱ። ሙቀጫው እናቷ በተወችበት ቦታ ነበር፤ በጨርቅ ተሸፍኖ፣ ግማሽ የተወቀጠ ሚጥሚጣ በሆዱ። ከጎኑ ባዶ ፌስታሎች በድንጋይ ተጭነዋል። ፅዮን ሙቀጫውን አቀፈች፤ ዘነዘናውን በብብቷ ያዘች።

«ምን ልትሆኚ ነው?» አሉ እትዬ ጉዲቱ። «ሐዘንተኛ በሳልስቷ ትወቅጣለች? ሰው ምን ይለናል? የእናትሽ አፈር ሳይደርቅ!»

አምሐም ስልኩን ከጆሮው አወረደ። «ፅዮን፣ አእምሮሽን ሳትሽ እንዴ? ቁልፉስ?»

እውነቱ ምላሷ ላይ ነበር። ተሳዳቢ ናት፤ ለሁለቱም የሚሆን መልስ አላት። ዋጠችው።

«ደንበኛ መጥታብኝ ነው» አለች። ገብታ በሩን በጀርባዋ ዘጋች።

መሬት ላይ ተቀምጣ ሙቀጫውን በጉልበቶቿ መሃል ያዘች። ዱም፣ ዱም። ፋታው ሲመጣ እጇ ራሱ ቆመ። ዱም፣ ዱም። የማራኪ ጉልበት ትከሻዋን እስኪነካ ተጠጋች፤ ሙቀጫውን እንጂ ፊቷን አላየችም። ማራኪም ጀመረች። የተናገረችው እዚህ አይጻፍም። ረጅም ነበር፤ መሃል ላይ አለቀሰች፤ በረንዳው ላይ የተሰማው ግን ዱም ዱም ብቻ ነው።

ስትጨርስ ፅዮን አንድ ፌስታል አነሳች። ሁለት እፍኝ ጨመረችበት፤ መቋጠር አቅቷት ሁለቴ ፈታችው። ማራኪ አንጠልጥላው፣ ዓይኗ ቀልቶ፣ በሴቶቹ ፊት አለፈች።

«ሰኞ ይደርሳል?» አለች ከበሩ ዘወር ብላ።

«ይደርሳል» አለች ፅዮን።

አምሐ የሄደችውን ልጅ አየ፤ ፌስታሉን አየ፤ የእህቱን ጆሮ አየ። ጆሮዋ ቀልቷል። አፉን ሊከፍት ብሎ ተወው፤ ስልኩን ኪሱ ውስጥ ከተተ።

ፅዮን ሙቀጫውን ተሸክማ በረንዳው ላይ ወጣች። እንባዋ በጉንጯ ወርዶ አገጯ ላይ ይንጠባጠባል፤ ትከሻዋ ይንቀጠቀጣል። እትዬ ጉዲቱ ሰሃናቸውን አስቀምጠው ጠጋ አሉ፤ ለመጀመሪያ ጊዜ ድምፃቸው በእውነት ዝቅ አለ።

«ልጄ… እያለቀስሽ ነው?»

«ሚጥሚጣው ነው፣ እትዬ» አለች ፅዮን። ሙቀጫውንም ግድግዳው ስር፣ በቦታው መለሰችው።