ቀዝቃዛው ክፍል

«ከጣሃ ጋር አንድ ሳህን እንዳትበሉ፤ ጉበቱ ላይ ቫይረስ ተገኝቷል አሉ።»

የሰመራው ቅርንጫፍ ዘበኛ እሸቴ ይህን ለገባ ለወጣው ሾፌር ሁሉ ይናገራል። በር ሲከፍት ይላል፣ በር ሲዘጋ ይላል። ከማን ሰማህ ሲሉት «ሾፌሩ ሁሉ ያወራው የለ እንዴ! እኔ ምን አልኩ? አሉ ነው ያልኩት» ብሎ ይቆጣል።

ወሬው ንጋትወርቅም ጆሮ ደረሰ። የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ከወጣ ወዲህ የጭነት ማመላለሻ ኩባንያው የሠራተኛውን ምስጢር እንድትጠብቅ የሾማት እሷን ነው። ሹመት ይሉታል እንጂ ደመወዙ ያው ነው፤ የተጨመረላት እርግማን ብቻ። የሾፌሩን የጣሃን የሕክምና ውጤት በይለፍ ቃል ቆልፋዋለች። መክፈት የሚችሉት እሷና የሰው ኃይል ሠራተኛዋ ሁሪያ ናቸው። ታዲያ ማን አወጣው?

ጣሃን ልትጠይቀው አስባ ነበር። ግን ምን ብላ? ምስጢርህ ወጣ ብላ ልታረዳው? ወሬው ካልደረሰው ከእሷ አፍ እንዳይሰማው ብላ ተወችው።

ዋናው መሥሪያ ቤት ጥፋቱን መረጃ የሚከማችባቸው ኮምፒውተሮች ባሉበት ሰርቨር ክፍል ላይ ጥሎታል። ሰመራ ላይ ፀሐይ ጣራውን ስታነድደው፣ ከግቢው ሁሉ ማቀዝቀዣ የማይጠፋበት ክፍል እሱ ብቻ ነው። ማሽን እንዳይሞት የተባለው ብርድ ሰውንም አማረው። ሾፌሩ ውሃውን እዚያ ያስቀምጣል፣ ገንዘብ ያዡ ምሳውን እዚያ ይበላል። ንጋትወርቅ «መግባት ክልክል ነው» ብላ ለጥፋ ሁሉንም አስወጣች፤ ስድብም ጠገበች። ሁሪያን ግን እንዴት ታስወጣት? የሰባት ወር እርጉዝ ናት፤ እግሯ አብጦ ጫማ አልገባ ብሎታል። ከማሽኖቹ መሀል ተቀምጣ ትሠራለች፤ ሲያንቀላፋት ስክሪኑ እንደተከፈተ ነው።

ሥራ አስኪያጁ አቶ ሀብተ ሥላሴ ላብ ያራሰውን መሐረባቸውን እያገላበጡ ንጋትወርቅን አስጠሯት።

«ምስጢሩን ያወጣውን ሰው ስም ዛሬ ካልላክን ዋናው መሥሪያ ቤት መርማሪ ሊልክብን ነው። ሁሪያ ናት በይና እንገላገል።»

«ስታወራ ሰምተዋታል?»

«አልሰማሁም። ግን እዚያ ክፍል ውስጥ ማን ነበር? እኔ ነበርኩ?»

«ነበሩ እንጂ። ሐብሐብ ሲበሉ።»

«ይሄ ምላስሽ አንድ ቀን ያጠፋሻል፣ ልጄ» አሉ። አልተቆጡም። በዚያ ሙቀት መቆጣትም ጉልበት ይጠይቃል።

ስትወጣ ሁሪያ ኮሪደሩ ላይ ግድግዳ ተደግፋ ጠበቀቻት።

«ንጌ፣ ወላሂ ለማንም ትንፍሽ አላልኩም።»

«አውቃለሁ።»

«የወሊድ ፈቃዴ ሳይደርስ ካባረሩኝ ባዶ እጄን ነው የምወልደው።»

«አውቃለሁ አልኩሽ እኮ! ሂጂ ተቀመጪ።»

ንጋትወርቅ ወደ ጠረጴዛዋ ተመለሰች። መከራከር ሰልችቷታል፤ ማስረዳትም ሰልችቷታል። ስም ከፈለጉ ይኸውላቸው ብላ የራሷን ላከች፤ የሰርቨር ክፍሉን በር የከፈትኩት እኔ ነኝ ብላ። አላባረሯትም። ከሹመቷ አውርደው አዋሽ መጋዘን መደቧት፤ ጎማና ሸራ ተረካቢ ሆነች። ሁሪያ ስታለቅስ «ለልጅሽ ይሁን፣ ለኔ አታልቅሺ» ብላት ሻንጣዋን አነሳች።

ወደ አዋሽ የሚሄደው መኪና የጣሃ ሆነ። ከጅቡቲ ማዳበሪያ ጭኖ ሲመለስ በጋቢናው አሳፈራት።

«ምን አጥፍተሽ ነው እህቴ፣ አዋሽ የጣሉሽ?»

«ምን አጠፋለሁ? አዋሽ ሰው አይኖርም እንዴ?»

ሎጊያን አለፉ። ሚሌ ሲደርሱ ለምሳ ወረዱ። ጣሃ ጥብስ በሁለት ሳህን አዘዘ።

«ለምን ሁለት? አንድ ላይ እንበላለን» አለች ንጋትወርቅ ፈጠን ብላ፤ እንደ ሌሎቹ የምትሸሸው እንዳይመስለው።

«ለየብቻ ይሁን። አንቺስ የኔን ጉዳይ አልሰማሽም?» ጣሃ እጁን እየታጠበ ነበር፤ ቀና አላለም። «ጉበቴ ላይ ቫይረስ አለ። ሐኪሙ በምግብ አይተላለፍም ብሎኛል፣ አልሐምዱሊላህ። ቢሆንም ሰው ሳያውቅ ከኔ ሳህን አይጉረስ። ውጤቱን የተቀበልኩ ዕለት ሰርዶ ላይ ሾፌሮቹን ሰብስቤ እኔው ራሴ ነገርኳቸው።»