ሦስተኛውን ገጽ ማን ከፈተው

መጽሔቱ በዓመት ሁለት ጊዜ ይወጣል። ይወጣል ሲባል ከማተሚያ ቤት ነው እንጂ ከቢሮው እምብዛም አይወጣም። በደረጃው ሥር ባለችው ጠባብ መጋዘን ውስጥ በሲባጎ እንደታሰረ ይከመራል፤ ጥቂቱ ለቤተ መጻሕፍት ይላካል፣ ጥቂቱ ለእንግዳ ይታደላል። እንግዳውም በሁለት እጁ ይቀበላል፣ ሽፋኑን በመዳፉ ጠረግ ያደርጋል፣ «ትልቅ ሥራ ነው የያዛችሁት» ይላል፤ ከዚያ ሲወጣ ወንበሩ ላይ ረስቶት ይሄዳል። የክርስቲያናዊ ሥነ ምግባር የጥናት መጽሔት ነውና፣ ረስተኸዋል ብሎ እስከ በር ተከትሎ መሮጥም ሰውን ማስጨነቅ ይሆናል።

ምክትል አዘጋጁ ይህንን ሁሉ አምኖ የተቀበለ ሰው ነበር። ዕድሜ ልኩን ምክትል ነው። ትምህርት ቤት ሳለ ምክትል የክፍል አለቃ፣ መዘምራን መካከል ምክትል መሪ ነበር፤ ዋናው ሲታመም ይጠራል፣ ዋናው ሲድን ምስጋና ተነግሮት ወደ ቦታው ይመለሳል። ጠረጴዛውም ከመጋዘኑ በር አጠገብ ስለሆነ፣ መጽሔት ለማውጣት የመጣ ሁሉ «ይቅርታ፣ አንዴ ተነሥልኝ» ይለዋል። መጽሔት ለማውጣት የሚመጣ ሰው ጥቂት መሆኑ ነው የጠቀመው።

ባለፈው ዓመት መጽሔቱ ድረ ገጽ ከፈተ። ድረ ገጹን የምታስተዳድረው ሴት ሰኞ ሰኞ ማን ምን ያህል እንደተነበበ ታነባለች፤ በዚህም «ቆጣሪዋ» የሚል ስም ወጥቶላታል። መጀመሪያ ላይ ደራሲዎቹ ሰኞን በጉጉት ይጠብቁ ነበር። ኋላ ላይ ሰኞ ጠዋት ጉዳይ የሚገጥማቸው በዙ። ስለ ጋብቻ የጻፈው መምህር ሚስቱ እንኳ እንዳልከፈተችው በቁጥር ስለተረጋገጠ፣ ለተወሰነ ጊዜ ስለ ጋብቻ መጻፍ አቁሟል።

ከዚያ የምክትሉ ጽሑፍ ወጣ።

ርእሱ «ያልለፉበትን ምስጋና ስለ መመለስ» ይላል። ድረ ገጹ ላይ በሦስት ገጽ ተከፍሎ ነበር የተለጠፈው። አንደኛው ገጽ ምስጋና ምንድን ነው ብሎ ይጠይቃል፤ ሁለተኛው የቀደሙ አበው ምን እንዳሉ ይተነትናል፤ ሦስተኛው ላይ ሕጉ አለ። የማይገባውን ምስጋና የተቀበለ ሰው፣ በተመሰገነበት አደባባይ፣ ሳይውል ሳያድር፣ ነገሩን በቀልድ ሳያለዝብ መመለስ አለበት ይላል። ምክትሉ ይህን ዓረፍተ ነገር ሲጽፍ ከወንበሩ ተነሥቶ ተንጎራዷል። በተለይ «ሳያለዝብ» የምትለዋን ቃል ሦስት ጊዜ ጮክ ብሎ አንብቧታል። ሰው ሌላውን የሚያስርበትን ገመድ ሲገምድ እንዲህ ደስ ይለዋል።

በሁለተኛው ሰኞ ቆጣሪዋ መነጽሯን አውልቃ፣ ጠርጋ፣ መልሳ አጠለቀች።

«ወንድሜ፣ ያንተን ጽሑፍ ሰው ቀኑን ሙሉ ሲያነብ ይውላል» አለችው።

«ስሕተት ይሆናላ።»

«እኔም እንደዚያ ብዬ ሁለት ጊዜ አየሁት። ከፍተው ሰዓታት ይቆያሉ። ስለ ጋብቻ የተጻፈውን ግን አሥር ሰከንድም አልታገሡት።»

በየሳምንቱ ቁጥሩ ወደ ላይ ወጣ። ዋና አዘጋጁ፣ ሁሉም «ዶክተር» የሚሉት ሽማግሌ፣ ነገሩን ዝም ብሎ ማለፍ አልቻለም፤ ምሁር ነዋ። ንባቡ ትምህርት ቤት ሊከፈት ሲል መጨመሩን አይቶ፣ «ወጣቱ የዘመን መለወጫ በር ላይ ቆሞ ነፍሱን ይመረምራል» አለ። እሑድ እሑድ ደግሞ አንድም አንባቢ አለመኖሩን አይቶ፣ «አያችሁ፣ እነዚህ ቤተ ክርስቲያን የሚስሙ አንባቢዎች ናቸው» ብሎ በዚህ ላይ የመግቢያ ጽሑፍ ጻፈበት። ምክትሉም ትንታኔውን አምኖ ተቀበለ። ስለ ራሳችን መልካም የሚናገር ትንታኔ ማስረጃው ቶሎ ይታየናል።

ብዙም ሳይቆይ ዶክተሩ ትከሻውን ይዞ ወደ ኮሪደሩ ወሰደው። «ለድረ ገጹ ራሱን የቻለ ዋና አዘጋጅ ልንሾም ነው። በዓመታዊው ስብሰባ ላይ ስምህን አቀርባለሁ። ባለ መስኮቷ ክፍል ያንተ ናት» አለው።

ዋና። ምክትሉ ቃሏን ይዞ ወደ ጠረጴዛው ተመለሰ። በባለ መስኮቷ ክፍል ደጃፍ በዚያው ቀን ሦስት ጊዜ አለፈ፤ በሦስተኛው ላይ መጋረጃ መረጠላት።

ለስብሰባው ደህና ኮት ያስፈልገዋል። ያለው አንድ ኮት የተገዛው ሳይወፍር ነው። ስለዚህ በስብሰባው ዋዜማ ይዞት ወደ አክስቱ ስፌት ቤት ሄደ። ያሳደገችው እሷ ናት፤ «እትዬ» ነው የሚላት። የተማሪ ደንብ ልብስ ትሰፋለች፤ ከሥሯም ብዙ ሴቶች ይሠራሉ። ቤቱ ውስጥ የደንበኛ መዓት ነበር፤ ልጆች ሱሪ እየለኩ፣ ወላጆች አግዳሚ ወንበር ላይ ተራ እየጠበቁ፣ የስፌት መኪናዎቹ እየተንጣጡ።

«ሊቁ መጣ» አለች በር አጠገብ ያለችው ሰፊ፣ ክር በጥርሷ እየበጠሰች። «ሊቁ፣ ለሹመቱ እንኳን ደስ አለህ። እንኳንም ረዳንህ።»

«ምኑን?»

ሴትየዋ ቀና ብላ አየችውና መልሳ ሥራዋ ላይ አቀረቀረች። አክስቱ ኮቱን አልብሳ፣ ግራ እጅጌውን በመርፌ ቁልፍ እየያዘች፣ «ቀጥ በል» አለችው። ቀጥ ሲል ዐይኑ የመቁረጫው ጠረጴዛ ላይ አረፈ። ስልኮች በተርታ ተደርድረው የክር ጥቅልል ተደግፈዋል። ሁሉም ክፍት ናቸው። ሁሉም ላይ «ያልለፉበትን ምስጋና ስለ መመለስ» ይላል።

«እትዬ፣ ይሄ ምንድን ነው?»

«ያንተ ነዋ። አትንቀሳቀስ፣ እወጋሃለሁ።»

«ማን ከፈተው?»

«ጠዋት ስንገባ እንከፍተዋለን፣ ማታ ስንወጣ እንዘጋዋለን። ባትሪ ሲያልቅ እየተፈራረቅን እንሰካለን። ወረፋ የሚጠብቀውም ዝም ብሎ ከሚቀመጥ ያንተን ይከፍታል። የመጀመሪያ ልኬት በነፃ ነው ብዬ ነው የማስከፍታቸው።»

«ልኬት መቼ ተከፍሎበት ያውቃል?»

«እነሱ ይሄን አያውቁም።»

አግዳሚው ላይ የተቀመጡ አንድ አባት ስልካቸውን ከፍ አድርገው አሳዩት። «እኔም ከፍቻለሁ፣ ጌታዬ» አሉት በትሕትና።

ምክትሉ ወደ ሰፊዎቹ ዞረ። «አንብባችሁታል እንዴ?»

«ጀምሬው ነበር» አለች በር አጠገብ ያለችው ሰፊ። «ምስጋና ምንድን ነው ይላል። ከዚያ በኋላ እኔም ምንድን ነው እያልኩ ቀረሁ።»

«እትዬ፣ ይሄ እኮ ማጭበርበር ነው።»

አክስቱ የያዘቻቸውን መርፌ ቁልፎች ከከንፈሯ አወጣች። «ማን ነው ‹ገጹ ክፍት እስከሆነ ድረስ ይቆጠራል› ያለኝ? እዚያ በርጩማ ላይ ተቀምጠህ፣ ሻይህን እያማሰልክ። ‹ማንም አያነበኝም እትዬ› ብለህ ስትተነፍስ የመኪናው ጨርቅ ተነሣ። ምን ላድርግ ታዲያ? ልጄን ማንም አያነበውም ብዬ ልቀመጥ?»

ብሏል። እንደዚያው ብሏል፣ ተንፍሷልም። ስለ ድረ ገጽ አሠራር እያስረዳት እንደነበር ሊነግራት ፈለገ፤ ግን የሥነ ምግባር ሰው ስለሆነ አክስት ፊት የሚለቀቅ ትንፋሽ ለምን እንደሚለቀቅ ያውቃል። ኮቱን እንደለበሰ ወጣ። «አንተ ልጅ፣ እጅጌው አልተሰፋም» የሚለው ድምፅ እስከ መንገዱ ማዶ ተከተለው።

መንገድ ላይ ብዙ አሰበ። ያሰበው ሁሉ ወደ አንድ ቦታ ነበር የሚመልሰው፤ ሦስተኛው ገጽ ላይ ሕግ አለ። በተመሰገነበት አደባባይ፣ ሳይውል ሳያድር፣ በቀልድ ሳያለዝብ። ከዚያ አንድ የሚያጽናና ሐሳብ መጣለት። ሦስተኛውን ገጽ ማንም አላነበበውም። ሕጉ መኖሩን ከእሱ በቀር የሚያውቅ ሰው በምድር ላይ የለም። በጽሑፉ አለመነበብ የተደሰተ የመጀመሪያው ደራሲ ሳይሆን አልቀረም፤ ደስታውም እስከሚቀጥለው መታጠፊያ ድረስ ቆየ። እዚያ ሲደርስ ባለ መስኮቷን ክፍል አሰባት፣ መጋረጃዋን አሰበ፣ ከመጋረጃው ጀርባ ተቀምጦ የሌላውን ሰው ጽሑፍ ሲያርም ራሱን አየና መራመድ አቃተው።

በማግስቱ ስብሰባው ላይ ያንኑ ኮት ለብሶ ተገኘ። ሌላ ኮት የለውም፤ መርፌዎቹንም ማውጣቱን ረስቷል። መምህራኑ፣ የቤተ መጻሕፍት ኃላፊዎቹ፣ ስለ ጋብቻ የጻፈው ሰውዬም ሳይቀር ተሰብስበዋል። ዶክተሩ ስለ አንባቢው ትውልድ፣ ስለ ዘመን መለወጫ በር ተናግሮ ስሙን ሲጠራ አዳራሹ አጨበጨበ። ምክትሉ እጅ ለመንሣት ክንዱን አጠፍ ሲያደርግ መርፌ ወጋው። «አህ» አለ። ስሜቱ የገነፈለ መስሏቸው ጭብጨባው በረታ።

«አንባቢዎቼ» አለ ጸጥ ሲሉለት፣ «የአክስቴ ልብስ ሰፊዎች ናቸው።»

ሰዎቹ ፈገግ አሉ። ከኋላ አንድ መምህር፣ «ለሠራተኛው ሕዝብ ደረሰልን» ሲል ተሰማ።

«አይደለም። ስልካቸውን ከፍተው ይሰፋሉ። ወረፋ የሚጠብቁት ደንበኞችም እንዲሁ። ያነበበው የለም። እሑድ አንባቢ የማይኖረው ስፌት ቤቱ ዝግ ስለሆነ ነው። ትምህርት ቤት ሊከፈት ሲል የጨመረው ደንብ ልብስ ስለሚሰፋ ነው።»

ዶክተሩ በአባትነት ዐይን ተመለከተው። «ይሄ ልጅ» አለ ወደ ተሰብሳቢው ዞሮ፣ «ትሕትናው ነው የሚገርመኝ። ስለ ምስጋና የጻፈውን ኖሮ እያሳየን ነው።»

እንደገና ተጨበጨበለት። ምክትሉ አንዱን ያልለፋበትን ምስጋና ለመመለስ ተነሥቶ ሁለተኛ ተጨመረለት፤ በዚህ አያያዙ እስከ ምሳ ሰዓት ድረስ ጻድቅ ሊሆን ነው። ጽሑፉ ላይ እንዲህ ያለ ነገር ሊገጥም እንደሚችል አላሰበበትም ነበር። ጥናቱ ክፍተት አለው።

በመጨረሻ ወደ ቆጣሪዋ ዞረ። «እባክሽ፣ ሦስተኛውን ገጽ ስንት ሰው ከፍቶታል?»

ቆጣሪዋ ላፕቶፗን ገለጥ አደረገች። ጣቷን አንዴ ወደ ላይ፣ አንዴ ወደ ታች አስኬደች። «አንድ» አለች። «ከኛው ቢሮ። ከመጋዘኑ በር አጠገብ ካለው ኮምፒውተር።»

«እሱ እኔ ነኝ» አለ ምክትሉ።

ያን ጊዜ ነው ተሰብሳቢዎቹ እርስ በርስ የተያዩት። ነገሩ የእሱ ብቻ እንዳልሆነ ገባቸው፤ ጽሑፉ ከመውጣቱ በፊት ገምጋሚዎቹ፣ ዶክተሩና መምህራኑ፣ በድረ ገጹ ላይ እንዲያዩት ተልኮላቸው ነበር። ስለ ጋብቻ የጻፈው መምህር ጣሪያውን መመርመር ጀመረ። ዶክተሩ ሳል ሳል አደረገውና፣ «እኔ በወረቀት ነው ያነበብኩት» አለ።

«ወረቀቱ ገና ከማተሚያ ቤት አልመጣም፣ ዶክተር» አለች ቆጣሪዋ። ክፋት አልነበረባትም፤ የተጠየቀችውንም ያልተጠየቀችውንም መቁጠር ልማዷ ነው።

ከዚያ የዶክተሩ ትከሻ መንቀጥቀጥ ጀመረ፤ እየሣቀ ነበር። «መልካም» አለ ዐይኑን እየጠረገ። «ሹመቱ ይቆይ። ለጊዜው ድረ ገጹን ቆጣሪያችን ትያዘው። እሷ ቢያንስ ምን እንዳልተነበበ ታውቃለች።»

ምክትሉም እጅጌውን በሌላ እጁ ደግፎ ተቀመጠ። እፎይ ማለቱንና ማዘኑን መለየት አቃተው፤ የወጋው መርፌ ግን በግልጽ ይለይ ነበር።

በሚቀጥለው ሰኞ የቁጥሩ መሰላል ወደቀ። ስልኮቹ ተዘግተዋል። ቆጣሪዋ አሁን የእሷ ከሆነችው ባለ መስኮቷ ክፍል በር ላይ ብቅ አለች።

«ወንድሜ፣ አንድ ሰው ሦስተኛውን ገጽ ከፍቷል።»

«እኔ አይደለሁም።»

«አውቃለሁ። ትናንት እሑድ ነው፣ ከቤት። አንብቦ ጨርሶ ወደ መጀመሪያው ገጽ ተመልሷል፤ ከዚያ ደግሞ እንደገና ወደ ሦስተኛው። የቆመበት ቦታ ሁሉ ይታያል፤ ይሄ ሰው በእውነት ነው ያነበበው።»

ምክትሉ ማን ይሆን ብሎ አሰበ። አንድ ፕሮፌሰር፣ አንድ ሩቅ ያለ መነኩሴ፣ አንዲት ተማሪ በየተራ ቀረቡለት፤ ለእያንዳንዳቸው መልስ ማዘጋጀት እንደጀመረ ስልኩ ጮኸ።

«አንተ ልጅ» አለች አክስቱ። ከጀርባዋ መኪናዎቹ ይንጣጣሉ። «ያን ሦስተኛውን ገጽህን አነበብኩት። ምን እንዳበሳጨህ ልወቅ ብዬ ነው።»

ምክትሉ ከወንበሩ ተነሣ። «እና እትዬ?»

«እና ምን? ሹመቱን ያስቀረብህ እሱ ነው። በቀልድ ሳያለዝብ፣ በአደባባይ ምናምን። ማን ጻፍ አለህ?»

«ማንም።»

«ሁለት ጊዜ ነው ያነበብኩት፤ እንደሱ ያለ ነገር በራስህ ላይ ትጽፋለህ ብዬ ማመን አቅቶኝ። መሐል ላይ ደግሞ ረዝሟል። አበው ያሉትን ሁሉ ማምጣት ምን ይሠራል፣ ሁለቱ ይበቃሉ።»

ምክትሉ እስክሪብቶ አነሣ። «የትኞቹ ሁለቱ?» ብሎ ጠየቀ።

«እሱን ስትመጣ አሳይሃለሁ» አለች። «ኮቱን ይዘህ ና፣ እጅጌው እንዳይቀደድ። መርፌዎቼንም እንዳትጥልብኝ።»